የቅዳሜ ውሃ

ራድጎንድ የተወለደች ዕለት አዋላጇ እግሯን ዳብሳ በጨርቅ ሸፈነችው ይባላል። ከጉልበቷ በታች ያለው ቆዳ ደረቅ ነበር፤ ውሃው እንደሸሸው የኩሬ ጭቃ በትናንሹ ተከፋፍሎ፣ ጠርዝ ጠርዙ ብድግ ብድግ ያለ። እናቷም እንዲሁ ነበረች፤ የእናቷም እናት። በመንካት አይተላለፍም። አያምም፤ ክረምት ብርዱ ሲጠና ብቻ ይሰነጠቅና ደም ይቋጥራል። እናቷ በየቅዳሜው ፉርሽካ በሙቅ ውሃ ትዘፈዝፍና እናትና ልጅ ከአንድ ገንዳ እግራቸውን ነክረው ይቀመጣሉ። ከዚያ የለውዝ ዘይት ይቀባባሉ።

«በሩን ዝጊ» ትላት ነበር እናቷ። «ሰው የሚያየው እግርሽን አይደለም፤ ተረቱን ነው።»

በእኛ በፈረንሳይዋ ከተማ በሉዚኛን ተረቱን የማያውቅ የለም። የአገሩ ጌታ ከምንጭ ዳር አንዲት ሴት አገኘና አገባት። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳያያት። ግንብ ሠራችለት፣ ቤተ ክርስቲያን ሠራችለት፣ ልጆች ወለደችለት። አንድ ቅዳሜ በሰይፉ ጫፍ በሩን በሳና አጮልቆ አያት፤ በገንዳው ውስጥ ከወገቧ በላይ ሚስቱ ናት፣ ከወገቧ በታች ረጅም ጅራት። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ‹በማየቱ አጣት› ይላል። በእኛ አገር ግን እንዲያ አይደለም የሚነገረው። አይቶ ዝም አለ፤ እሷም ማየቱን እያወቀች ዝም አለች፤ ኖሩ። ያጣት በልጁ ሐዘን አብዶ ሰው በተሰበሰበበት ‹አንቺ እባብ› ያላት ቀን ነው። በመስኮቱ ወጥታ በገደሉ ላይ በረረች። ከዚያ በኋላ የምትመጣው ሕፃናቷን ለማጥባት ብቻ ነው።

ስለዚህ ስሟ ብዙ ነው። ሽማግሌዎቹ እማማ ሉዚን ይሏታል፤ ልጆች መርሉዚን፤ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሜሉዚን ብለው ይጽፏታል፤ ቄሱ ሲቆጡ ‹ያቺ ጋኔን› ይላሉ። ያቺን አንዷን ቃል ግን ማንም አይላትም። ሣር ውስጥ የሚሳበውን እንኳ ‹የሣር መቀነት› ነው የምንለው።

ራድጎንድ ሃያ ዓመት ሲሞላት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ዳገት ሳቡረኖች ዳቦ ቤት በሻጭነት ገባች። ሳቡረኖች ለግንቦት ገበያ በመርሉዚን መልክ የተሠራ የማር ዳቦ የሚጋግሩ ቤተሰብ ናቸው። ቅርጹን የሚያወጡበት እንጨት ከቅድመ አያት የወረደ ነው፤ ከአንድ ቃሪያ የማይበልጥ ማበጠሪያና መስተዋት በመርሉዚን እጅ ተቀርጾበታል። ፊቷንና ጅራቷን ግን እንጨቱ አያወጣም። ፊቷን የቤቱ ሚስት በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ ሁለት ጉድጓድ፣ ሁለት ዘቢብ። የጅራቷን ቅርፊት ባል በላባ ጫፍ እየወጋ ያወጣል። አንዱ የሌላውን ግማሽ አይነካም። ገበያ ላይ ደግሞ ባልና ሚስት አንዷን ገዝተው ከወገቧ ይሰብሯታል፤ ላይኛውን ሴቲቱ፣ ጅራቱን ወንዱ ይበላል። ጅራቷን የበላ ምስጢሯን ዋጠ ይባላል።

በዚያ ዓመት የቤቱ እመቤት እጇ ስላበጠ «አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ ፊቷን ተጫኚልኝ» አለቻት። ራድጎንድ ስትጫን የእመቤቲቱ ልጅ አልሲድ ላባውን ይዞ ትሪው ማዶ ቆሞ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ቅንድቡ ዘወትር በዱቄት ነጭ የሆነ፣ ቀልደኛ።

«እንግዲህ ፊቱን አንቺ ከሠራሽ፣ ጅራቱን እኔ ከሠራሁ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ዳቦ ጋገሩ ይለናላ» አለች፣ ዓይኗን ከሊጡ ሳታነሣ።

«ብንጋባስ?»

አውራ ጣቷ ሊጡ ላይ ቆየ። የዚያች መርሉዚን አንድ ዓይን ከሌላው ጠልቆ ቀረ። «ቅዳሜ ከሰዓትን ከሰጠኸኝ።»

ሳቀ። «አንቺም ቅዳሜ? ግንብ ልትሠሪልኝ ነው ታዲያ?»

«ግንብ አልችልም። ካልሲ እሠራለሁ።»

በሠርጋቸው ሳምንት ቅዳሜ፣ ገንዳዋ ውስጥ ቁጭ ብላ የእግሩን ኮቴ ከበሩ ውጪ ሰማች። ቆሟል። ለረጅም ጊዜ ጠበቀች፤ ከዚያ ራሷ ተነሥታ መዝጊያውን ከፈተችው።

«በቀዳዳ ከምታይ ግባና እይ።»

አልሲድ ገባና ተንበረከከ። ቅልጥሟን ከላይ እስከ ታች በመዳፉ ዳበሰ፤ ዳቦ መብሰል አለመብሰሉን እንደሚያይ በጣቱ ጀርባ ኳ ኳ አደረገ።

«የዳቦ ቅርፊት ነው» አለ። «ደህና የበሰለ።»

እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃውን የሚያሞቀው እሱ ሆነ። መጋገሪያው ጎን ባለው በርሜል ያሞቃል፤ ፉርሽካውን ድንጋይ እንዳይኖረው በራሱ ወንፊት ይነፋል፤ ፎጣውን ምስማሩ ላይ ይሰቅልና ወጥቶ ከበሩ ፊት አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። «ሚስትህ የት ሄደች?» ያለውን ሁሉ «ግንብ እየሠራች ነው» ይለዋል። የመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት መጥቶ አራት ዓመት ሲወስደው እንኳ በየደብዳቤው መጨረሻ ‹ውሃውን ማን ያሞቅልሻል?› ብሎ ይጽፍ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲል ጻፈላት፤ ‹ከምሥራቅ ተራሮች የመጣ አንድ ወታደር አብሮኝ ጉድጓድ ውስጥ ያድራል። እነሱ ዘንድ መርሉዚንን ቩይቭር ነው የሚሏት፤ ግንባሯ ላይ ቀይ ዕንቁ አለ፤ ስትታጠብ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኛ ዘንድ ዕንቁ የላትም፣ ፉርሽካ ነው ያላት አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም።› ያቺን ደብዳቤ ራድጎንድ ከመስተዋቱ ጀርባ አስቀመጠቻት።

ከዚያ ጦርነት በፊት አንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ ኖኤሚ። ኖኤሚ የእናቷን ዓይን፣ የአባቷን ሳቅ፣ የአያቶቿን ቆዳ ይዛ መጣች። እሷ ላይ ድርቀቱ ክንዷም ላይ ጭምር ነበር። በበጋ ረጅም እጅጌ ትለብሳለች፤ ጓደኞቿ ወንዝ ሲወርዱ ዳቦ ቤት ሥራ አለብኝ ትላለች።

ሃያ ዓመቷ ላይ ባስቲያን የሚባል በርሜል ሠሪ ወጣት ወደዳት። በእኛ አገር ሠርግ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የሙሽራው እናት ነጭ ካልሲ ይዛ ትመጣለች፤ በሁለቱም ወገን ሴቶች ፊት ተንበርክካ በገዛ እጇ ለሙሽሪት ታጠልቅላታለች። ልጄ ሆንሽ ማለት ነው።

«ለልጁ እንንገረው» አለ አልሲድ። «እኔ ልንገረው። ደህና ልጅ ነው።»

«አንተ ማለት ሰው ሁሉ አይደለህም» አለች ራድጎንድ። «ይጋቡ። ከተጋቡ በኋላ እሷው ትነግረዋለች።»

«ካልሲውስ?»

«እግሯን አሟታል እላለሁ። እኔ አለብሳታለሁ እላለሁ። ኖኤሚ፣ ትሰሚያለሽ? ዝም ነው የምትይው።»

አልሲድ ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲህ ጅራቱን በልቻለሁ፤ አፌን ይዣለሁ» አለ፤ ሦስቱም ሳቁ። ያን ሳቅ ራድጎንድ በኋላ ስንት ጊዜ አስታወሰችው።

የባስቲያን እናት እትዬ ሶላንዥ ግን በሰበብ የምትመለስ ሴት አልነበረችም። «የታመመን እግርማ እኔ ቀስ አድርጌ አለብሳለሁ» ብላ ተንበረከከች፤ ቀሚሱን ገለጥ አደረገች። ካልሲው እጇ ላይ ቀረ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ዘጠኝ ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደረቅ ቆዳ ነው እትዬ ሶላንዥ» አለች ራድጎንድ። «የቤተሰብ ነው። የፉርሽካ ውሃ ካገኘ…»

እትዬ ሶላንዥ ተነሣች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ ካልሲውን ለሁለት አጥፋ ቅርጫቷ ውስጥ መለሰችው።

«ልጄ በርሜል ሠሪ ነው» አለች፣ «ገንዳ ሠሪ አይደለም።»

ባስቲያን ራሱ አልመጣም። ኖኤሚ መስከረም ላይ ፓሪስ ሄዳ ልብስ መተኮሻ ቤት ተቀጠረች። ሦስት ደብዳቤ ጻፈች። ሁለተኛው ላይ ‹ውሃ ከአራተኛ ፎቅ ወርደን ነው የምንቀዳው፤ ቅዳሜም ሥራ አለ› የሚል ነበረበት። ሦስተኛው ላይ ‹ደህና ነኝ› ብቻ።

በግንቦት ገበያ ቀን፣ ትሪው በማር ዳቦ ተሞልቶ፣ ሰው ሁለት ረድፍ ተሰልፎ ሳለ፣ ፖስተኛው በሰው መካከል ደብዳቤ አቀበለ። ከመተኮሻ ቤቷ እመቤት ነው። አልሲድ በዱቄት እጁ ቀደደውና ቆሞ አነበበ። የኖኤሚ እግር ስንጥቅ በብርዱ ተከፍቶ፣ ቁስሉ መርዞ፣ ሐኪም ሲጠራ ‹አይነካኝም› ብላ፣ ካልሲዋን እስከ መጨረሻው ቀን አላወልቅም አለች። የቀበሯት ከአንድ ሳምንት በፊት ነበር።

ራድጎንድ ከፊቱ ነው ያወቀችው። «አልሲድ?» አለች፤ አውራ ጣቷ ላይ ማር ነበረ።

«ደብቂ አልሻት» አለ። በመጀመሪያ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ደብቂ፣ ዝም በይ፣ ደብቂ። ከአንቺ ወረሰችው፤ በአንቺ ምክር ሞተች።» ከዚያ ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ፦ «አንቺ እባብ!»

አንዲት አሮጊት አማተበች። አንድ ሰው የገዛትን መርሉዚን ሳይሰብራት ቀስ ብሎ ወደ ትሪው መለሳት።

ራድጎንድ አውራ ጣቷን ጠረገች። ሽርጧን ፈታች፤ አራት ቦታ አጠፈችው፤ ከትሪው ጎን አስቀመጠችው። ከመንገዱ ማዶ የፍየል አይብ የምትሸጠው መበለት እትዬ ፊሎሜን በሯን ከፍታ ቆማ ነበር፤ ምንም ሳትጠይቃት አስገባቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ለገደሉም ለመብረሩም አቅም የሌላት ተራ ሴት መንገድ ተሻግራ ሄደች፤ በቃ፣ ሄደች።

አልሲድ አልተከተላትም። በሳምንቱ ቅዳሜ ራድጎንድ ከፊሎሜን መስኮት አየችው፤ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፣ የዳቦ ቤቱን የጓሮ በር ገርበብ አድርጎ ተወው፣ ሰው ሳያይ ወደ ወንዙ ወረደ። ከበሩ እንፋሎት ይወጣል።

«ውሃ አሙቆልሻል» አለች ፊሎሜን።

«አልሄድም።»

«ውሃው ምን አደረገሽ? የተሳደበው ሰውዬው ነው፤ ውሃው ጨዋ ነው። ሂጂ!»

ሄደች። ፉርሽካው ተነፍቷል፤ ፎጣው ምስማሩ ላይ ነው፤ የለውዝ ዘይቱ ጠርሙስ አዲስ። በሩ ፊት አግዳሚው ላይ ግን ማንም የለም። ታጥባ ስትጨርስ የአልሲድን የተቀደደ ካልሲ ወንበር ላይ አየችና ይዛው ሄደች፤ በሳምንቱ ጠቅማ መለሰችው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ እሱ ውሃ አሙቆ ይወጣል፤ እሷ ትገባለች፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ አንገትጌ ትገለብጣለች፣ ትወጣለች። «እማማ ሉዚን ሕፃናቷን ልታጠባ ትመጣ ነበር» ትላለች ፊሎሜን፣ «የአንቺ ሕፃን ግን ሽበታም ነው።» ሁለተኛው ጦርነት መጥቶ ማገዶ ሲጠፋ የዳቦ ቤቱ መደርደሪያ አንድ በአንድ እየጎደለ መሄዱን ራድጎንድ አስተዋለች። ማር አልነበረም፣ ገበያው ተከልክሎ ነበር፣ ዱቄቱ ግማሽ ገብስ ነበር። ውሃው ግን ይሞቅ ነበር።

የሳቡረን መርሉዚን ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት አልነበራትም። ማበጠሪያና መስተዋቷን ይዛ፣ ጅራቷ በየቅርፊቱ አምሮ፣ ራሷ እንደ እንቁላል ልሙጥ። በየዓመቱ ይቀልዱበታል።

«ሳቡረን፣ መስተዋቱን ለምን ያዘች ታዲያ? ምኗን ልታይ ነው?»

«አንድ ዘቢብ እንኳ ጣል አድርግባት እንጂ! ዘቢብ ተወደደ?»

«የእኔ ጅራቱ ነው» ይላል አልሲድ። ሌላ አይልም።

ራድጎንድ ይህን ከመንገድ ማዶ ትሰማለች። አንድ ጊዜ ለፊሎሜን ተናገረች፤ «እዚያው በተናገረበት ቦታ፣ ሰው እየሰማ፣ ቃሉን ያንሣ። በዚያኑ ቀን ሽርጤን አጠልቃለሁ።»

«ታዲያ ልንገረዋ!»

«እንዳትነግሪው። ተነግሮት የሚመጣ ቃል ምን ያደርግልኛል?»

ያልነገረቻት ሌላ ነገር ነበር። ስትተኛ ጆሮዋ ላይ የሚቀረው ‹እባብ› የሚለው አልነበረም፤ ‹ደብቂ አልሻት› የሚለው ነው። ደብቂ ብላት ነበርና። ያንን ማንም ሊያነሣላት አይችልም ብላ ታምን ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ማር ተገኘ፤ ገበያው እንደገና ሊቆም አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ራድጎንድ በጓሮው በር ገባችና እጇን ገንዳው ውስጥ ነከረች። ቀዝቃዛ ነው። ያልተነፋ ፉርሽካ በጆንያው አጠገብ ተደፍቷል፤ ወንፊቱ መሬት ላይ። መጋገሪያውን ዳበሰችው፤ እሱም ቀዝቅዟል።

ደረጃውን ወጣች። ሦስተኛው እንጨት እንደ ድሮው ጮኸ። አልሲድ አልጋው ላይ ከነጫማው ተጋድሟል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ፣ ቅንድቡ ያለ ዱቄትም ነጭ።

«ውሃው…» አለ።

«ቀዝቅዟል።»

«አውቃለሁ። ይቅር በይኝ፣ እሳቱን አልቻልኩትም።»

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። ራድጎንድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማውን መፍታት ጀመረች።

«ስለ ውሃው ነው ይቅር በይኝ የምትለኝ?»

ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሶላንዥ ካልሲውን ስታጥፍ እኔ ከበሩ ውጪ ቆሜ ነበር። ታውቂያለሽ?»

አላወቀችም። እጇ ጫማው ላይ ቆመ።

«መግባት እችል ነበር። ‹የሚስቴም እግር እንዲሁ ነው፤ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ከዚህ የተሻለ እግር አላውቅም› ማለት እችል ነበር። ዘጠኝ ሴት ፈርቼ ወደ መጋገሪያው ተመለስኩ። ደብቂ ያልሻት አንቺ ነሽ፤ የደበቅኋት ግን እኔም ነኝ። ደብዳቤው ሲመጣ ያንን ሁሉ በአንቺ ላይ ጣልኩት። በየግንቦቱ ልነግርሽ እነሣለሁ። ኮፍያዬን አደርጋለሁ… እስከ ፊሎሜን በር እደርሳለሁ።»

«አይህ ነበር» አለች። «ትመለሳለህ።»

«እመለሳለሁ።»

ራድጎንድ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች። ከታች አደባባዩ ላይ የገበያውን ዳስ ይተክላሉ፤ መዶሻ፣ የጋሪ ጎማ፣ አንድ ሰው ‹ወደ ግራ፣ አንተ ደንቆሮ፣ ግራህን አታውቅም?› እያለ ይጮኻል።

«እዚህ በለው» አለችው። «ለእነሱ።»

ትራሱን ደግፋ ቀና አደረገችው። አልሲድ ባለ በሌለ ኃይሉ አፉን ከፈተ። «ሚስቴ… ራድጎንድ… ያልኳት ውሸት ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው።» ድምፁ ከወንፊት ድምፅ አይበልጥም ነበር። ከታች ጋሪው አለፈ። ማንም ቀና አላለም። መዶሻው ቀጠለ።

አልሲድ ትራሱ ላይ ወደቀ። «ሰሙ?»

ራድጎንድ አደባባዩን አየች። የሰውን ሁሉ ኮፍያና ጀርባ አንድ በአንድ አየች።

«ሰሙ» አለችው። «ሁሉም ቀና ብለው አዩ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ያ የድሮው ሳቅ ሊመጣ ሲል ቀረ። እሷ ወረደች፣ እሳት አነደደች፣ ፉርሽካውን ነፋች። ውሃውን በሳፋ ይዛ ወጥታ እግሩን አጠበችው፤ እሱ እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ታጠበ። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ።

የግንቦት ገበያ ቀን ራድጎንድ የዳቦ ቤቱን በር ከፈተች። ሽርጡ ትሪ ማስቀመጫው ስር ነበር፤ አራት ቦታ እንደታጠፈ፣ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኖ። አሰረችው። አውራ ጣቷ አልረሳም፤ ሁለት ጉድጓድ፣ ሁለት ዘቢብ፣ አንዱ ዓይን ከሌላው ትንሽ ጠለቅ ያለ።

ፊሎሜን ላባውን ከመስኮቱ ደፍ አንሥታ አቀበለቻት። «ጅራቱስ?»

«የእኔ አይደለም» አለች ራድጎንድ፤ ላባውን ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

በዚያ ዓመት የሳቡረን መርሉዚን ፊት ነበራት፤ ጅራቷ ላይ ግን አንድም ቅርፊት አልነበረም። ከወገቧ በታች ልስልስ ብላ፣ ማሩ ብቻ እያበራባት፣ በትሪው ላይ ተጋድማለች። ሰዎች መጥተው አዩ፣ ማንም አልቀለደም። ባልና ሚስት እየሆኑ ገዟትና ከወገቧ ሰበሯት፤ ወንዶቹም ልሙጡን ግማሽ ዝም ብለው በሉ።